እየሠሩ ስለ መማር

ልጆች ሆይ፥ የትምህርት ቤት ደወል በተደወለ ጊዜ ተማሪ ሁሉ ወደ አንድ ስፍራ አይሄድም። አንዱ ወደ ጨዋታ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ቤቱ ገብቶ ያርፋል፤ ሦስተኛው ግን ደብተሩን አስቀምጦ ወደ ሥራ ይሮጣል። ወይም በሱቅ ያገለግላል፥ ወይም ጫማ ይጠርጋል፥ ወይም ዕቃ ያደርሳል። ማታ ሲመለስ እጁ ደክሟል፥ ዓይኑም እንቅልፍ ይሻል፤ የነገው ትምህርት ግን ገና አልተነበበም። ይህ ጽሑፍ ስለ እርሱ ነው። እኔም በልጅነቴ እንደ እርሱ ነበርሁና፥ ከኑሮ የተማርሁትን እነግራችኋለሁ።

አስቀድሞ ይህን ዕወቁ። ሠርቶ መብላት ነውር አይደለም። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሸማኔውን፥ አንጥረኛውን፥ ቆዳ ፋቂውን በሥራው የሚሰድቡ ሰዎች ነበሩ። እስከ 1906 ዓ.ም. የነገሡት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ሸማኔ ባይኖር ተሳዳቢው ምን ይለብስ ነበር? አንጥረኛ ባይኖር ገበሬው በምን ያርስ ነበር? ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ሥራ የሚሠራ ልጅ በጓደኞቹ ፊት አንገቱን ሊደፋ አይገባውም።

ነገር ግን ሥራና ትምህርት በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ ሲጫኑ፥ ሁለቱ ሸክሞች እኩል አይደሉም። ይህን እንዴት እንዳወቅሁ ስሙኝ።

በ1972 ዓ.ም. በደሴ ከተማ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ትምህርት የጀመርሁት ዘግይቼ ስለ ነበር ዕድሜዬ 15 ዓመት ሆኖ ነበር። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። አባቴ ሞቶ ነበርና፥ እናቴ ጥጥ እየፈተለች እኔንና ሁለቱን ታናናሽ እኅቶቼን ታሳድግ ነበር። የትምህርት ቤታችን ልጆች ብዙዎች ስለ ሆኑ በፈረቃ እንማር ነበር፤ የእኔም ፈረቃ ከጧት እስከ ቀትር ነበረ። ስለዚህ ከቀትር በኋላ በአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ተቀጠርሁ።

ሥራዬ ሱቁን መጥረግ፥ ለካውያው ከሰል ማቀጣጠል፥ ቍልፍ መትከል፥ የልብሱን ጠርዝ መዘምዘም፥ ያለቀውንም ልብስ ወደ ባለቤቱ ማድረስ ነበር። ደመወዜ በሳምንት 2 ብር ነበረ። ከዚህም 1 ብር ከ50 ሳንቲም ለእናቴ እሰጥ ነበር፤ በቀረው 50 ሳንቲም ደብተርና እርሳስ፥ ለኩራዛችንም ላምባ እገዛ ነበር።

ባለሱቁ ደግ ሽማግሌ ነበሩ። እጃቸው እጅግ የሠለጠነ ነበር፤ መቀስ ሲይዙ ጨርቁ የሚታዘዝላቸው ይመስል ነበር። ነገር ግን ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር። የእያንዳንዱን ደንበኛ ልክ በክር ላይ እየቋጠሩ ይይዙ ነበር፤ አንዱ ቋጠሮ የትከሻ፥ ሁለተኛው የደረት፥ ሦስተኛው የእጅጌ ልክ ነበረ። ክሮቹ ሁሉ በግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅለው ነበር፤ የትኛው ክር የማን እንደ ሆነ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

በዚያ ሱቅ ሳለሁ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ጥቂት ብዘገይ ባለሱቁ «የት ቈየህ?» ይሉኛል። ካውያው ቢቀዘቅዝ ወዲያው ይታወቃል። ቍልፍ ጠማማ ሆኖ ቢተከል ባለ ልብሱ መልሶ ያመጣዋል። ደመወዙም በየቅዳሜው ተቈጥሮ በመዳፌ ላይ ይቀመጣል። መጽሐፌ ግን ሳይገለጥ ቢያድር «ለምን ተውኸኝ?» አይለኝም። አንድ ቀን ብተወው ዝም ይላል፤ አንድ ሳምንት ብተወውም ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ግን ምንም ስላልጐደለ አይደለም። ጉድለቱ የሚታየው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ጊዜው አልፏል።

ልጆች ሆይ፥ ሥራና ትምህርት እኩል ሸክም አይደሉም ያልኋችሁ ስለዚህ ነው። ሥራ የሚጮኽለት ጌታ አለው፤ ትምህርት ግን ከራሱ ከተማሪው በቀር የሚጮኽለት የለም። የሚጮኸውን ብቻ የሚሰማ ልጅ፥ ዝም ያለውን ሳያውቅ ያጣዋል።

ታኅሣሥ ሲያልቅ ይህ ነገር በእኔ ላይ በብርቱ መጣ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንደሚባለው፥ ጥምቀት ሲቀርብ ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ ያሰፋል። በሱቁ ውስጥ ጨርቁ እስከ ጣራው ተከመረ። የመንፈቀ ዓመት ፈተናችን ደግሞ ጥር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነበረ። ባለሱቁም ጠርተው እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፥ እስከ ጥምቀት ድረስ ጧትም ና፤ ማታም እስከ 4 ሰዓት ቈይ። በሳምንት 6 ብር እሰጥሃለሁ። ከጥምቀት በኋላም ትምህርቱን ትተህ ቀኑን ሙሉ ብትሠራ፥ የስፌቱን መኪና አስተምርሃለሁ።»

6 ብር በዚያን ጊዜ ለቤታችን ትልቅ ገንዘብ ነበረ። የሁለት ወር የቤት ኪራይ ዕዳ ነበረብን። ታናሽ እኅቴም በዚያ ብርድ በባዶ እግሯ ትሄድ ነበር። ማታ ነገሩን ለእናቴ ነገርኋት። እርስዋም እንዝርቷን አቁማ ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያም እንዲህ አለችኝ፤ «ልጄ፥ ይህን ገንዘብ አልንቀውም፤ እጅግ ያስፈልገናል። ነገር ግን ጥምቀትም ያልፋል፥ ፈተናም ያልፋል። ካለፈ በኋላ መልሰህ የምታገኘው የትኛውን ነው?»

እኔም «ሥራ በሌላም ሳምንት ይገኛል፤ ፈተናው ካመለጠኝ ግን ዓመቱ ይጠፋብኛል» አልኋት።

«እንግዲያስ ሄደህ በአክብሮት ንገራቸው» አለችኝ። «አትደበቅ፤ ታምሜ ነበር ብለህም አትዋሽ። የምትችለውን ሰዓት ስጣቸው፤ የማትችለውንም አስቀድመህ አሳውቃቸው። ስለ ኪራዩ እኔ ዐስባለሁ።»

በማግሥቱ ወደ ባለሱቁ ቀርቤ «ጋሼ፥ ከቀትር እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ሳላጓድል እሠራለሁ። ጧት ግን ትምህርት አለኝ፤ ማታም ለፈተናው አጠናለሁ። ፈተናው ካለቀ በኋላ እስከ ጥምቀት ዋዜማ ድረስ የፈቀዱትን ያህል አመሻለሁ» አልኋቸው። እርሳቸውም አልተቈጡም፤ ነገር ግን አላስደሰታቸውም። «የበዓል ልብስ ተማሪን አይጠብቅም» ብለው ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሌላ ልጅ አስገቡ፤ የእኔንም ደመወዝ ወደ 1 ብር ዝቅ አደረጉት።

እናቴም ለጥምቀት ልትለብሰው ራሷ ፈትላ ያሠራችውን አዲስ ነጠላ ወደ ገበያ ወስዳ ሸጠች፤ በዋጋውም ኪራዩን ከፈለች። በዓሉን በአሮጌው ነጠላዋ ዋለች። እኔም በነዚያ ሌሊቶች መጽሐፌን በገለጥሁ ጊዜ ሁሉ ያ ነጠላ ይታየኝ ነበር፤ እንቅልፌም ከዓይኔ ይሸሽ ነበር።

ፈተናው አለቀ። አንደኛ አልወጣሁም፤ ከ47 ልጆች 9ኛ ሆንሁ። ወደ ሱቁም ተመልሼ እንደ ገባሁት ቃል አመሽ ጀመር። በዚያን ጊዜ ክሮቹ እጅግ ስለ በዙ በምስማሩ ላይ ተወሳስበው አገኘኋቸው። የአንዱ ሰው ኮት በሌላው ሰው ልክ ተቈርጦ ነበር፤ ባለ ልብሱም በሱቁ ደጅ ቆሞ ይቈጣ ነበር። ሽማግሌው ክር በክር እየለዩ ላብ ያልባቸው ነበር።

እኔም ደብተሬን አውጥቼ በሒሳብ ትምህርት እንደ ተማርነው ገጹን በመስመር ከፈልሁት። በመጀመሪያው ዓምድ የደንበኛውን ስም፥ በሁለተኛው ትከሻውን፥ በሦስተኛው ደረቱን፥ በአራተኛው እጅጌውን ጻፍሁ። ክሩን ሁሉ በሜትር እየለካሁ፥ ባለሱቁም ስሙን እየነገሩኝ፥ በሁለት ምሽት ጨረስነው። ከዚያም አንድ ክር አንሥተው በጀርባቸው ደብቀው «እስቲ የዚህ የአቶ እገሌ ደረት ስንት ነው?» አሉኝ። አነበብሁላቸው። ክሩን ለክተው አዩት፤ ልክ ነበረ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ፈተኑኝ። ከዚያ በኋላ ደብተሩን በእጃቸው ይዘው፥ ማንበብ የማይችሉትን ገጽ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

በዚያ ዓመት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገሩ ሁሉ ይካሄድ ነበር። ዘመቻው በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ፥ ያልተማሩ ጐልማሶችና ሽማግሎች ፊደል እንዲቈጥሩ የተደረገበት ነው፤ እየሰፋ ሲሄድም ትምህርቱ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ባለሱቁ ግን «ሥራዬ ጊዜ አይሰጠኝም» እያሉ ቀርተው ነበር። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሄደው ተመዘገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቁ ሁልጊዜ በ12 ሰዓት ይዘጋ ጀመር፤ እርሳቸው ወደ ትምህርታቸው፥ እኔም ወደ ጥናቴ እንሄድ ነበር። ደመወዜንም ወደ 2 ብር መለሱልኝ። አንድ ቀን እየሣቁ «ልጄ፥ መርፌው በእጄ ሳለ ፊደሉ ከልቤ ይጠፋል፤ ፊደሉን ስይዝ ደግሞ መርፌው ይጠፋብኛል። አንተ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ቻልኸው?» አሉኝ። የእኔን ድካም የተረዱት ራሳቸው ተማሪ በሆኑ ጊዜ ነው።

ያም ቀኑን ሙሉ ይሠራ የነበረው ልጅ መልካም ልብስ ሰፊ ሆነ፤ በሙያውም ተከብሮ ኖረ። ስለዚህ መጽሐፍ የያዘ ብቻ ሰው ይሆናል አልላችሁም። ነገር ግን ትምህርትን የሚተው ሰው ዐስቦ ይተወው፤ ሥራው ስለ ጮኸና መጽሐፉ ዝም ስላለ ብቻ አይተወው።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። ዴቪድ ሊቪንግስተን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪምና አሳሽ ነበረ። የተወለደው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1813 ዓ.ም. ብላንታየር በምትባል መንደር ነው። ወላጆቹ ድኾች ስለ ነበሩ በ10 ዓመቱ በጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ገባ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይሠራ ነበር። ከመጀመሪያው ሳምንት ደመወዙ ከፍሎ የላቲን ቋንቋ ሰዋስው ገዛ። መጽሐፉንም በመፍተያው መኪና ላይ አቁሞ፥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ያነብ ነበር። ከሥራም ሲወጣ ወደ ማታ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ካደገ በኋላ በ1836 ዓ.ም. በግላስጎ ከተማ ሕክምና መማር ጀመረ፤ በብርዱ ወራት እየተማረ፥ በሙቀቱ ወራት ወደ ፋብሪካው ተመልሶ ለትምህርቱ የሚሆነውን ገንዘብ ይሠራ ነበር። በ1840 ዓ.ም. የሐኪምነት ማዕርግ አገኘ።

ይህን ሰምታችሁ ግን ልጅ በቀን 14 ሰዓት መሥራቱ መልካም ነው አትበሉ። ሊቪንግስተን ያን ሸክም ቻለው፤ ብዙዎች ልጆች ግን ከሸክሙ በታች ወድቀው ስማቸው ሳይጻፍ ቀርቷል። ስለዚህ በብሪታንያ በ1833 ዓ.ም. ሕግ ወጣ። ሕጉ በብዙዎቹ የጨርቅ ፋብሪካዎች 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ እንዳይሠራ ከለከለ፤ ከእነዚያም በላይ ያሉት ታናናሾች ሠራተኞች በየቀኑ 2 ሰዓት ትምህርት እንዲያገኙ አዘዘ። እነሆ፥ ለዝምተኛው መጽሐፍ ሕግ ጮኸለት።

በእኛም አገር እንዲህ ያለ ሕግ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ያልሞላውንም ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይፈቅድም። ደግሞም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፥ በሳምንቱ የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓል እንዳይሠራ ያዛል። ስለዚህ ከእናንተ ታናሽ የሆነው ለወላጆቹ ይላካል፥ ቤቱን ያግዛል እንጂ ተቀጥሮ ሊሠራ አይገባውም። ታላቅ የሆነውም ሕጉን ይወቅ፤ የማያውቁትን መብት ማስከበር አይቻልምና።

እንግዲህ እየሠራ ለሚማር ልጅ ጥቂት ምክር ልጨምር።

አስቀድመህ ለጥናትህ አንድ ሰዓት ቍረጥ። «ጊዜ ሲተርፈኝ አነባለሁ» የሚል ሠራተኛ ጊዜ ተርፎት አያውቅም። እኔ ማታ በ3 ሰዓት ተኝቼ ከንጋቱ 11 ሰዓት እነሣ ነበር። በዚያ ሰዓት ቤቱ ጸጥ ይላል፥ ልብም አርፎ ይነቃል። እንቅልፍህን ግን አትስረቅ፤ ያልተኛ ተማሪ ገጹን ያያል እንጂ አያነብም።

ለአሠሪህም ለአስተማሪህም እውነቱን ንገር። አስተማሪህ ከቀትር በኋላ እንደምትሠራ ካላወቀ፥ ድካምህን ስንፍና ብሎ ይቈጥረዋል። አሠሪህም የፈተናህን ቀን አስቀድሞ ካልሰማ፥ በዚያ ቀን መቅረትህን ክዳት ያደርገዋል።

ከሥራህም ተማር። እኔ በሱቅ የሜትር ሩብና ሲሶ እለካ ነበርና፥ ክፍልፋይ ሒሳብ በመጣ ጊዜ አልከበደኝም። ልብስ ላደርስ ስሄድም በመንገድ የማባዣውን ሰንጠረዥ በቃሌ እል ነበር።

ከደመወዝህም፥ ምንም ጥቂት ቢሆን፥ ለትምህርትህ ድርሻ አስቀር። ለደብተርና ለእርሳስ ያልተረፈ ደመወዝ፥ ትምህርትን ለመርዳት የመጣ ሳይሆን ሊተካው የመጣ ነው።

እናንተም ሥራ የሌለባችሁ ልጆች ሆይ፥ በአጠገባችሁ የሚቀመጠውን ጓደኛችሁን ተመልከቱ። በክፍል ቢያንቀላፋ አትሣቁበት። ምናልባት እናንተ ስትጫወቱ እርሱ ከሰል ያቀጣጥል ነበር። ትናንት ያመለጠውን ትምህርት ደብተራችሁን አውሱትና ይገልብጥ፤ ያልገባውንም ንገሩት። መጽሐፉ ሊጠራው አይችልም፤ እናንተ ግን በስሙ ልትጠሩት ትችላላችሁ።